ቤሪል በርተን፤ ያለ ደመወዝ የደከመች ሻምፒዮን

አማተር የሚለው ቃል መነሻው ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ወዳጅ ማለት ነው። ይኸውም አንድን ሥራ ለገንዘብ ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ የሚሠራ ሰው ለማለት ነው። በመካከላችን ግን ቃሉ ሲነገር ብዙ ጊዜ የንቀት ድምፅ አለበት። ሥራውን በግማሽ ልብ የያዘ፣ ችሎታው ያልበሰለ፣ ዛሬ ጀምሮ ነገ የሚተው ሰው አማተር ይባላል። ከዚህም የተነሣ ደመወዝ የማይከፈልበት ድካም ሁሉ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። በስፖርት ሜዳም ሆነ በቴአትር ቡድን፣ እንዲሁም በዚህ መጽሔት ዝግጅት ላይ እንኳ ይህ አስተያየት ሲነገር ይሰማል። አስተያየቱ እውነት መሆን አለመሆኑን በክርክር ከመፈተን ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት መመርመር ይሻላል። ስለዚህ ከሞተች ብዙ ዓመት የሆናትን የእንግሊዛዊቷን የቢስክሌት ተወዳዳሪ የቤሪል በርተንን ታሪክ ለአንባቢያን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤሪል ቻርኖክ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1937 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር በሚባለው ክፍል፣ በሊድስ ከተማ ነው። ሊድስ በዚያን ጊዜ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሞላባት የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት በዚያ አገር የልጆችን የትምህርት ዕድል የሚወስነውን ፈተና ተፈትና ወደቀች። በጊዜው ሥርዓት ፈተናውን ያለፈ ልጅ ወደ ዩኒቨርስቲ በሚያደርስ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የወደቀው ግን ቶሎ ለሥራ ወደሚያወጣው ይላክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሩማቲክ ትኩሳት የተባለው፣ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃው ሕመም ያዛት። ዘጠኝ ወር ሆስፒታል ተኛች፤ ከዚያም ሳውዝፖርት በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ የማገገሚያ ቤት አሥራ አምስት ወር ቆየች። በሕመሙ ብርታት ለጊዜው አንደበቷ ተይዞ፣ አካሏም አልታዘዝ ብሏት ነበር። ከአልጋ ስትነሣም ሐኪሞች ልቧ ስለ ተጎዳ ከባድ እንቅስቃሴ እንዳታደርግ አስጠነቀቋት። እንግዲህ ከልጅነቷ ሁለት ዓመት ተቀንሶባት፣ ፈተና ወድቃ፣ ልቧ ደካማ ነው ተብሎ ነው ወደ ዓለም የወጣችው።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። እዚያም ቻርሊ በርተን ከተባለ ወጣት ጋር ተዋወቀች። ቻርሊ ቢስክሌት መንዳት የሚወድ የማኅበር ሰው ነበር። በዚያን ዘመን የሰሜን እንግሊዝ ሠራተኛ መኪና ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ ቢስክሌት በሥራ ቀን መጓጓዣው፣ በእሑድ ቀን ደግሞ መዝናኛው ነበረች። በየመንደሩ የቢስክሌት ማኅበር ተቋቁሞ፣ አባላቱ እሑድ እሑድ ጧት ተሰባስበው ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ በመንገድ ሻይ ጠጥተው፣ ሲመሽ ጭቃ ለብሰው ይመለሳሉ። ቤሪል ወደዚህ ኑሮ የገባችው በቻርሊ ምክንያት ነው። በ1955 ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ተጋቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዴኒዝ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸው።

መጀመሪያ ላይ በቤሪል ዘንድ የተለየ ችሎታ አልታየም። በመጀመሪያው ዓመት ዳገት ሲያጋጥማቸው ቻርሊ እጁን ከጀርባዋ አሳርፎ ይገፋት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ግን እሷ ከፊት ሆነች፤ ቻርሊም ከኋላ መከተል ጀመረ። ባልየው በዚህ ነገር አልተቀየመም። ይልቁንም የራሱን የውድድር ምኞት ወደ ጎን ትቶ የሚስቱ መካኒክ፣ ሹፌርና ምግብ አቀባይ ሆነ። ይህን ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ክፍያ ሠርቷል። ስለ ሻምፒዮኗ የሚጻፉ ታሪኮች ስሙን በአጭሩ ጠቅሰው ቢያልፉትም፣ ያለ እርሱ ታሪኩ ባልኖረ ነበር።

ሁለቱም የሞርሊ ቢስክሌት ማኅበር አባላት ነበሩ። የዚያን ማኅበር ሰዎች ውድድር ለመረዳት የእንግሊዝን ልዩ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ቢስክሌተኞች በአውራ ጎዳና በመንጋ ሲሽቀዳደሙ ፈረሶች እየደነበሩ፣ ፖሊሶችም እየተቆጡ ስላስቸገሩ፣ የእንግሊዝ ቢስክሌተኞች ከ1895 ጀምሮ ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ደቂቃ ልዩነት አንድ በአንድ ይነሡና እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ውድድሩ የሚደረገው ከተማው ሳይነቃ በማለዳ ነው። የመንገዱ ስም እንዳይታወቅ በፊደልና በቁጥር ይሰየማል፤ ተወዳዳሪውም ዓይን እንዳይስብ ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ይለብስ ነበር። በኋላ ፍርሃቱ ቢያልፍም ልማዱ ቀረ። በዚህ ዓይነት ውድድር ከሰው ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ መከለል ክልክል ነው። ተንኮልም ዕድልም እምብዛም ቦታ የላቸውም፤ ሰው ያለው ጉልበትና ትዕግሥት በሰከንድ ተቆጥሮ ይወጣል። ተመልካቹ ጥቂት፣ ሽልማቱም ትንሽ ነው። ሰዓት ያዡም፣ በመታጠፊያው ላይ ቆሞ የሚያሳየውም፣ ሻይ አፍልቶ የሚጠብቀውም ሁሉ የማኅበር ሰው ነው፤ ክፍያ የለውም።

ቤሪል በዚህ ሥርዓት ውስጥ አደገች። በ1957 በ100 ማይል፣ ማለት በ161 ኪሎሜትር የአገሪቱ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። በ1958 በ25 ማይል የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮንነት አገኘች። ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በ25፣ በ50 እና በ100 ማይል የተገኘው ፍጥነት በአማካይ ተሰልቶ ለዓመቱ ምርጥ ሴት ተወዳዳሪ የሚሰጠውን ማዕረግ ወሰደች። ይህን ማዕረግ እስከ 1983 ድረስ ሃያ አምስት ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቃትም። ስትጀምር ያልተወለዱ ልጆች አድገው ተወዳድረዋት ተሸንፈዋል።

ይህን ሁሉ ያደረገችው ምን እየሠራች ነው ቢባል፣ መልሱ እርሻ እየቆፈረች ነው። የማኅበሯ አባል የነበረው ኒም ካርላይን እርሱ ራሱ በ24 ሰዓት ውድድር ብዙ ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ብርቱ ሰው ሲሆን፣ በሞርሊ አካባቢ ሩባርብ የሚባል አትክልት ያመርት ነበር። ሩባርብ ግንዱ ቀይ፣ ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው፤ እንግሊዞች በስኳር አብስለው ይበሉታል። አመራረቱ አድካሚ ነው። ሥሩ ሁለት ዓመት በሜዳ ከቆየ በኋላ በክረምት ውርጭ ሲመታው ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፤ ጭቃ የያዘውንም ከባድ ሥር ተሸክሞ ጨለማ ወደ ሆነ ሞቃት ቤት ማግባት ያስፈልጋል። ግንዱ በጨለማ ውስጥ ይበቅላል፤ የሚለቀመውም በሻማ ብርሃን ነው። ቤሪል ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆየች። ሌሎች በስፖርት አዳራሽ ክብደት ሲያነሡ እሷ ወገቧንና ክንዷን ያጠነከረችው በሩባርብ ሥር ነው። ሥራው ሲያልቅ ቢስክሌቷ ላይ ወጥታ ልምምዷን ትጀምራለች። ዝናብም ቢሆን ነፋስም ቢሆን የቀኑ ልምምድ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ቤት ማጽዳት፣ እራት መሥራትና ልጅ ማስተኛት አለ።

የልምምዷ ምስጢር ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ብዙ መንገድ ነዳች፤ ከእሷ ከሚበረቱ ወንዶች ጋር ነዳች፤ ልምምዷንም አላቋረጠችም። በሞርሊ ማኅበር ውስጥ ለሴት ተብሎ ፍጥነት የሚቀንስ አልነበረም። ወደ ኋላ የቀረ ብቻውን ቤቱ ይደርሳል። በአማተር ማኅበር ውስጥ ያለው ጥቅም ይህ ነው፤ አሠልጣኝ ባይኖርም ከፊትህ የሚሄደው ጓደኛህ ያሠለጥንሃል።

የሴቶች የዓለም ቢስክሌት ሻምፒዮና የተጀመረው በ1958 ነው። ቤሪል በሚቀጥለው ዓመት ቤልጅግ ውስጥ ሊየዥ ላይ በሦስት ኪሎሜትር የማሳደድ ውድድር አሸነፈች። ይህ ውድድር ሁለት ሰዎች በክብ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ካለው ወገን ተነሥተው አንዱ ሌላውን የሚያሳድድበት ነው። በ1960 በምሥራቅ ጀርመን በማሳደድም በጎዳናም ውድድር ወርቅ ወሰደች። በማሳደድ ውድድር በ1962፣ በ1963 እና በ1966 ደግማ ሻምፒዮን ሆነች። በ1967 ሆላንድ ውስጥ ሄርለን ላይ በጎዳና ውድድር ሁለተኛዋን የሶቪየት ኅብረት ተወዳዳሪ ወደ ሁለት ደቂቃ በሚጠጋ ጊዜ ቀድማ ብቻዋን ገባች። በጠቅላላው ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የኦሊምፒክ ጨዋታ ያን ጊዜ የአማተሮች በዓል ይባል ነበር፤ በዚህ የአማተሮች በዓል ላይ ግን የዘመኑ ታላቅ አማተር አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈችም። ምክንያቱም የሴቶች የቢስክሌት ውድድር ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ አርባ ሰባት ደርሶ ነበር።

ተቀናቃኞቿ የነበሩት የሶቪየት ሴቶች በመንግሥት እርዳታ የሚሠለጥኑ ሲሆኑ፣ እሷ ግን የምትኖረው በእርሻ ደመወዝ ነበር። ስሟ በአውሮፓ ከታወቀ በኋላ አንድ ታላቅ የእንግሊዝ ቢስክሌት ፋብሪካ ፕሮፌሲዮናል እንድትሆን ጠየቃት። ገንዘቡ ለእንደ እሷ ዓይነት ቤተ ሰብ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሕግ ፕሮፌሲዮናል የሆነ ሰው ከአማተሮች ጋር መወዳደር አይችልም። ጥያቄውን ብትቀበል በየእሑዱ ከማኅበሯ ሰዎች ጋር የምታደርገው ውድድርና የዓለም ሻምፒዮናው ይቀርባታል፤ ለማስታወቂያ ብቻ የምትነዳ ሴት ትሆናለች። ስለዚህ እንቢ ብላ ወደ ሩባርቡ ተመለሰች።

አሁን ስሟን እስከ ዛሬ ወዳስጠራው ቀን እንመጣለን። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1967፣ ከሄርለኑ ድል ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዮርክሺር የኦትሊ ቢስክሌት ማኅበር የ12 ሰዓት ውድድር አዘጋጀ። በዚህ ውድድር ርቀቱ አይወሰንም፤ የሚወሰነው ጊዜው ነው። ተወዳዳሪው 12 ሰዓት ሙሉ ይነዳና የሄደበት መንገድ ይለካል። በመጀመሪያ ወንዶቹ በየደቂቃው ተነሡ፤ ሴቶቹም ከእነርሱ በኋላ ተከተሉ። ከወንዶቹ መካከል ማይክ ማክናማራ የተባለው ብርቱ ሰው የአገሪቱን ሪኮርድ ለመስበር ተዘጋጅቶ ነበር። ቤሪል የተነሣችው ከእርሱ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ነው።

ሁለት ደቂቃ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ማክናማራ በዚያ ቀን ከማንኛውም እንግሊዛዊ ይበልጥ እየፈጠነ ስለ ነበር ልዩነቱን ማጥበብ ቀላል አልነበረም። ጧቱ አለፈ፤ ቀትርም አለፈ። ቻርሊ በመንገድ ዳር እየቆመ ምግብና መጠጥ ያቀብላታል። ሌሎቹን ወንዶች አንድ በአንድ እያለፈች ሄደች፤ በመጨረሻ ከፊቷ የቀረው ማክናማራ ብቻ ሆነ። ውድድሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ጀርባው ታያት።

በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ እንደምትተርከው፣ በዚያች ሰዓት የተሰማት የድል ደስታ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው የሕይወቱን ታላቅ ውድድር እያደረገ ነው። የወንዶቹን ሪኮርድ እየሰበረ ሳለ አንዲት ሴት ከኋላው መጥታ ልታልፈው ነው። ለዚህ ያዘነችለት ይመስላል። ምን ብላ እንደምታልፈው ግራ ገብቷት እጇን ወደ ኪሷ ሰደደችና ሊኮሪስ ከሚባል ሥር የሚሠራ ከረሜላ አውጥታ ዘረጋችለት። ማክናማራም አመስግኖ ተቀብሎ በላው። እሷም አልፋው ሄደች። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይተረካል፤ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ቁም ነገር አለው። እሷ አሸናፊነቷን በመንጓጠጥ አላሳየችም፤ እርሱም ተሸናፊነቱን በመኮሳተር አልተቀበለም። ሁለቱም የአንድ ዓይነት ማኅበር ልጆች ነበሩ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ማክናማራ 276.52 ማይል ሄዶ የወንዶችን ሪኮርድ ሰበረ። ቤሪል ግን 277.25 ማይል ሄደች። ይህም ወደ 446 ኪሎሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደሴ ደርሶ ገና መንገድ የሚተርፍ ርቀት ማለት ነው። አንድ ወንድ ይህን ርቀት ያለፈው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1969 ነው። በሴቶች በኩል ግን ሪኮርዱ እስከ 2017 ድረስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቆመ። በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት ቢስክሌት ቀሏል፣ ጎማ ተሻሽሏል፣ የነፋስ ጥናት ተስፋፍቷል፤ ቢሆንም እርሻ የምትቆፍረዋን ሴት ለመድረስ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ።

በ1968 ደግሞ 100 ማይሉን በ3 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጨረሰች። እንግሊዛዊው ሬይ ቡቲ በ1956 ይህን ርቀት በ3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ በመሄድ ከአራት ሰዓት በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን አገሩ ሁሉ ተደንቆ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አንዲት የቤት እመቤት ያንን ጊዜ በሦስት ደቂቃ አሻሻለችው። መንግሥት በ1964 እና በ1968 የክብር ኒሻን ሰጣት። ቢሆንም ከቢስክሌተኞች ማኅበር ውጭ ስሟን የሚያውቅ እንግሊዛዊ ጥቂት ነበር።

እስከዚህ የተነገረው ምስጋና ብቻ ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወት ሲጻፍ ዋጋውም መነገር አለበት። ዴኒዝ በቢስክሌት ላይ ያደገች ልጅ ስለ ነበረች እሷም ተወዳዳሪ ሆነች። በ1972 እናትና ልጅ በአንድ ላይ ለአገራቸው በዓለም ሻምፒዮና ተሰለፉ። በ1975 ዴኒዝ በማሳደድ ውድድር የዓለም ሦስተኛ ወጣች። በ1976 በብሔራዊው የጎዳና ሻምፒዮና እናትና ልጅ እስከ መጨረሻው ድረስ አብረው መጡና በመጨረሻው ሩጫ ላይ ልጅቱ እናቷን ቀደመች። በሽልማቱ መድረክ ላይ ዴኒዝ እጇን ስትዘረጋ ቤሪል አልጨበጠቻትም። ለተሸነፈው ሰው ከረሜላ የዘረጋችው እጅ ለገዛ ልጇ ተነፈገች። በመጽሐፏ እንደ ገለጸችው፣ ልጇ በመንገዱ ላይ ከፊት ሆና ነፋሱን የመጋፈጥ ድርሻዋን አልሠራችም የሚል ቅሬታ ነበራት። ይሁን እንጂ ድርጊቷ ለስፖርቱ የሚገባ እንዳልነበረ አምናለች። በኋላም ታርቀው በ1982 ለሁለት ሰው በተሠራ ቢስክሌት ላይ ተቀምጠው የ10 ማይል ብሔራዊ ሪኮርድ አብረው አስመዘገቡ።

ይህን ክስተት ደብቆ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ስለ እሷ የሚነግረን እሱ ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ሲሸነፍ ደመወዙን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ነገም ሌላ የሥራ ቀን ነው ይላል። እሷ ግን ለሃያ ዓመት የደከመችበት ሥራ ከማሸነፍ በቀር ሌላ ክፍያ አልነበረውም። ስለዚህ ሽንፈቱ ከገዛ ልጇ እጅ በመጣ ጊዜ እንኳ መራራ ሆነባት። አማተርነት ቀላል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን መድረክ ቢያስቡት መልካም ነው።

ዕድሜዋ ከገፋ በኋላም ውድድር አልተወችም። በ1984 የዓመቱ ምርጥ ተወዳዳሪ ማዕረግ ከእጇ ወጣ፤ ጊዜዋም ከዓመት ወደ ዓመት እየዘገየ ሄደ። ብዙ ሰው ክብሯን ይዛ ብትቆም ይሻላል ብሎ ይመክራት ነበር። እሷ ግን የማታሸንፍበትንም ውድድር ገብታ ከወጣቶቹ ኋላ መጨረስን አላፈረችበትም። በዚያን ጊዜ ወደ ስድሳ የተጠጋች ሴት፣ ከዘጠና በላይ ብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያላት፣ ሌላ የምታገኘው ነገር አልነበረም። ምናልባትም አማተር የሚለው ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙን ያገኘው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ድሉ ቀርቶ ፍቅሩ ብቻ ተረፈ።

ሜይ 5 ቀን 1996 ሃምሳ ዘጠነኛ የልደት በዓሏ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የበዓሉን የጥሪ ወረቀት ለወዳጆቿ ለማደል በቢስክሌት ወጣች። በመንገድ ላይ ሳለች ያ ልጅነቷን የጎዳው ልብ በድንገት ቆመ፤ እዚያው አረፈች። ሐኪሞቹ ከባድ እንቅስቃሴ አታድርጊ ካሏት ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ሞርሊ ውስጥ በስሟ የአትክልት ሥፍራ ተሠርቶላታል፤ በ2014 ደግሞ በተወለደችበት በሊድስ ከተማ የሕይወቷ ታሪክ በቴአትር ታይቷል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚቀረው ምንድን ነው? ሐኪም የከለከለውን ሁሉ ማድረግ ጀግንነት ነው አንልም፤ ሁሉም ሰው የቤሪል በርተንን ጉልበት ይዞ አልተፈጠረም። ነገር ግን ጊዜ የለኝም፣ አሠልጣኝ የለኝም፣ የሚከፍለኝ የለም የሚሉት ሦስት ምክንያቶች በእሷ ፊት ክብደታቸውን ያጣሉ። ጊዜ ያገኘችው ከእርሻ በኋላ ነው፤ አሠልጣኝዋ የማኅበር ጓደኞቿ ናቸው፤ ክፍያዋም ማልዶ መንገድ ላይ መሆን ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ አስተምራናለች። ዋጋውን ቻርሊ ከፍሏል፤ ዴኒዝም ከፍላለች። እንግዲህ ከመካከላችን ለሚወደው ሥራ ራሱን የሚሰጥ ሰው ቢኖር፣ በሙሉ ልቡ ይስጥ፤ ነገር ግን ዳገቱ ላይ እጁን ከጀርባው አሳርፎ የገፋውን ሰው አይርሳ።